ሁለት ቀን የተያዘ ስልክ

ይህ የደረሰብኝ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት እጠብቅ በነበርኩበት ክረምት፣ ደብረ ታቦር እናትና አባቴ ቤት ነው። አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ የእናቴ ፊት ትዝ ሲለኝ ግን ሳቄን አቋርጣለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ለትምህርት ህንድ አገር ሄዶ ነበር። ከመሄዱ በፊት ባሕር ዳር ሳለ ይሠራበት የነበረውን ኮምፒውተር አምጥቶ ሳሎን አስቀመጠልን። የኢሜይል አድራሻም አወጣልኝ። የኢንተርኔት መስመሩን ማስፈቀድና ማገናኘት ግን ለእኔ ቀረ። ዛሬ ነገ ስል ወራት አለፉ።

መጀመሪያ በየሁለት ሳምንቱ ይደውል ነበር። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። አንድ ወር አለፈ። አባቴ "ትምህርት በዝቶበት ነው" ይላል። እናቴ ግን የምታስበው ሌላ ነው። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተጠራርቶ ማለዳ ቤት ድረስ መጥቶ ነው የሚያረዳው። እስከዚያ ሁሉም እያወቀ ዝም ይላል። ስለዚህ እናቴ በዚያ ሰሞን ሰላም የሚላትን ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኑን ታይ ነበር።

አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች "የደበቃችሁኝ ነገር አለ?" አለችኝ።

"ኧረ የለም እማ" አልኳት። አላመነችኝም።

በማግስቱ፣ በኢሜይል ጽፎ ይሆናል ብዬ ስልክ ቤት ሄጄ ኢንተርኔት እንዲከፈትልን አመለከትኩ። የሚደወልበት ቁጥርና የይለፍ ቃል ያለበት ወረቀት ሰጡኝ። ሐሙስ ጠዋት ሽቦውን ከስልኩ ነቅዬ ኮምፒውተሩን በስልክ መስመር ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ሞደም ላይ ሰካሁት። ሞደሙ አፏጨ፣ ተንኮራኮረ፣ ጮኸ።

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ "ምን አድርገሽው ነው እንዲህ የሚያለቅሰው?" አለች።

ተገናኘ። የደብዳቤ ሳጥኑ ግን ባዶ ነበር። እኔ ደብዳቤው በራሱ ጊዜ መጥቶ የሚገባ መሰለኝ። መስመሩ ከተዘጋ መግቢያ ያጣል ብዬ፣ በተቋረጠ ቁጥር መልሼ እያገናኘሁ ሐሙስን ዋልኩ። ዓርብንም እንዲሁ። ለሚደውልልን ሰው ሁሉ ስልካችን ሁለት ቀን ሙሉ መያዙን አላሰብኩም።

ቅዳሜ ማለዳ በር ተንኳኳ። እናቴ ከፈተች። የቆመችው እታለም ነበረች፣ ከአንበሳሜ የመጣች የእናቴ ታላቅ እህት። ከኋላዋ ባሏና ሁለት ጎረቤቶቿ አሉ። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

እናቴ ነጠላውን ስታይ "ልጄን!" ብላ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

እታለም ደግሞ እህቷ ስታለቅስ አይታ የፈራችው እውነት መሰላት። "ወይኔ መምህር! ወይኔ መከታችን!" እያለች ደረቷን ትመታ ጀመር። መምህር የምትለው አባቴን ነው።

አባቴ አንድ እግሩን ካልሲ እንዳጠለቀ እየሮጠ ወጣ። "ማን ነው የሞተው?"

እታለም እጇ ደረቷ ላይ ቀረ። "መምህር፣ አለህ እንዴ?"

"የት ልሂድ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ደም ግፊት አለበት። እታለም ሐሙስ ደህንነቱን ልትጠይቅ ደወለች፤ ስልኩ ተይዟል። ዓርብም ቀኑን ሙሉ ሞከረች፤ ተይዟል። ሰው ሲሞት፣ ያልሰማ ዘመድ ደውሎ መርዶውን በስልክ እንዳይሰማ የስልኩን እጀታ አንስቶ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። እሷም ይህንኑ አስባ በመጀመሪያው መኪና መጣች።

ይህ ሁሉ ሲነገር እናቴ አልተጽናናችም። "የመጣችሁት በልጄ ነው። እኔን ለማታለል ነው" ትላለች። ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ቤቱን ሞላው። ደረጀ ደህና ነው ብሎ የሚምልላት ግን አንድም ሰው አልነበረም፤ የሚያውቅ የለምና።

ጩኸቱን ሰምተው ከመጡት የእኛ ጎረቤቶች አንዱ፣ መምህር ታከለ፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ኮምፒውተሩ ዘንድ መጡ።

"'ላክና ተቀበል' የሚለውን ተጭነሻል?"

"አልተጫንኩም ጋሼ።"

"ታዲያ እሱ ምን ያድርግሽ፣ ልጄ!"

ተጫንኩት። ለቀስተኛው ሁሉ ከኋላዬ ቆሟል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ደብዳቤ ገባ። አራቱም የደረጀ ናቸው። የመጨረሻው የተላከው በዋዜማው፣ ዓርብ ነው። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ስለጻፈው እየፈታሁ ማንበብ ነበረብኝ። የመጀመሪያው መስመር "ለእማ እንዳትነግሪያት" ይላል።

ማንበቤን አቋረጥኩ። እናቴ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

"አንብቢ።"

"እማ..."

"አንብቢ አልኩሽ። ያለውን እንዳለ።"

አነበብኩት። ታይፎይድ ይዞት ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቷል። አሁን ወጥቷል። ከስቷል፣ ግን ይበላል፤ ትምህርትም ጀምሯል። "ከትናንት ጀምሮ እደውላለሁ፣ ስልካችሁ ተይዟል። ምን ሆናችሁ?" ይላል።

ሰዉ እልል ሲል እናቴ መታመሙን የሚናገረውን ቦታ እንደገና እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ሰምታ ስትጨርስ "እናቱ አይደለሁም? መታመሙን ብሰማ አልሞትም። ሳልሰማ ነው የሞትኩት" አለች። ከዚያ በኋላ ነው የሳቀችው።

እታለም ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች። ለለቅሶ ቤት ብላ ያመጣችውን ዳቦ ቆርሰን በላን። አባቴ "እዝኔን በቁሜ በላሁ" እያለ ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

በስንፍናዬ ለብዙ ጊዜ አፍሬ ነበር። ጠዋት ማታ እናቴን ይቅርታ ስጠይቃት "ተይኝ እንግዲህ" ትለኛለች። አሁን ሳስበው፣ ስልክ ስለተያዘ ብቻ በዝናብ ተነስቶ የሚመጣ ዘመድ ስላለኝ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ወር እዚህ ግቢ ታምሜ ሁለት ቀን ተኛሁ። የዶርም ልጆች "ቤተሰብ አታስጨንቂ፣ ሲሻልሽ ትነግሪያቸዋለሽ" አሉኝ። ትኩሳቱ ሳይለቀኝ ደውዬ ለእናቴ ነገርኳት።

"ነገርሽኝ፤ ተባረኪ" አለች። "በይ አሁን ምን እንደበላሽ ንገሪኝ።"