ለቅሶ ቤት የሰማነው

በምርጫው ማግሥት እኔና ባልደረባዬ ሰላምታ አቁመን ነበር። ሁለታችንም ሚዛን ተፈሪ እናስተምራለን፤ እሱ መንግሥትን ይደግፋል፣ እኔ እቃወማለሁ። የትምህርት ቤታችን ጥበቃ እናት ሲያርፉ ግን ለለቅሶ ወደ ትውልድ ቀዬው ሸኮ አብረን ሄድን። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን እንኳ አላስቻለንም፤ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን መጨቃጨቅ ጀመርን።

ሐዘንተኛው ጥበቃ ሰምቶን ኖሮ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ።

“የቡና መሬቴን ወስዶ ለባለሀብት የሰጠው መንግሥት ነው” አለ ቀስ ብሎ። “እናቴን እስከዚህ ዕድሜ ያቆየልኝ ጤና ጣቢያም የመንግሥት ነው። እናንተ ግን ሁሌ አንዱን ብቻ ታወራላችሁ።”

አፈርኩ። ስንት ዓመት በር ሲከፍትልኝ ስለ መሬቱ ጠይቄው አላውቅም። ባልደረባዬ “መቼ ነው የወሰዱብህ?” አለው። እኔም ስለ እናቱ ሕክምና ጠየቅሁት።

በሳምንቱ ስለ መሬቱ የአቤቱታ ደብዳቤ ሁለታችን ጻፍንለት። በየቃሉ ተከራከርን። እኔ “ተዘረፈ” እንበል ስል፣ እሱ “ያለ ካሣ ተወሰደ” ይሻላል አለ። የእሱ ቃል ልክ ነበር።

መሬቱ አልተመለሰም። እኔና ባልደረባዬም በመንግሥት ጉዳይ እስከ መጨረሻው አልተስማማንም። ጥበቃው ግን ደብዳቤውን ስናነብለት እስከ መጨረሻው አዳምጦ፣ “አዎ፣ የደረሰብኝ ይኸው ነው” አለ።