ዘገየ ሰካራም አልነበረም

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሄድኩ ማለቴ፣ ከዐረብ አገር የተመለሰችው ልጄ ጎትታ ወሰደችኝ እንጂ፣ እኔማ የእጄን መንቀጥቀጥ እርጅና ነው ብዬ ትቼው ነበር። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። እጄን አገላብጦ አየና፣ «አባባ፣ በወጣትነትዎ የተባይ መርዝ ነክተው ያውቃሉ?» አለኝ። መንካት? ለብሼዋለሁ እንጂ!

ወታደር ነበርኩ፤ የእህል መጋዘን ጠባቂ። አብሮኝ የሚጠብቀው የአገሬ ሰው፣ የገሳይ ልጅ ዘገየ ነበር፤ ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ጠላ ቢሰጡት የማይቀምስ። የዚያን ጊዜ ክረምት ልብስ አያደርቅ፣ ቅማሉ አያስተኛ። አንድ ቀን ዘገየ ለነቀዝ የመጣልንን መርዝ በቆርቆሮ ውሃ በጠበጠና ሸሚዙን ነከረበት።

«አንተ፣ ይሄ እኮ መርዝ ነው!» አልኩት።

«ነቀዝ የገደለ ቅማል ይምራል? ይልቅ ያንተንም አውልቅ!»

ነከርን፤ እርጥቡን ለበስነው። ሽታው የከረመ ነጭ ሽንኩርት ነበር። ቅማሉ ረገፈ። እኛንም ያስመልሰን ጀመር፤ ምራቃችን አልቆም አለ። አስር አለቃችን ወተት አስመጣልንና «በሉ ድናችኋል» አለን። እኛም ሳቅን። ከዚያማ ክረምት በመጣ ቁጥር መንከር ነው። ወጣት ምን ያውቃል!

አገራችን ከገባን ከዓመታት በኋላ የዘገየ እጅ ከዳው። ማኅበር ላይ ጽዋውን ሲቀበል ደረቱ ላይ ደፋው። እግሩ ይጎተት፣ አንደበቱ ይተሳሰር ጀመር። ጽዋ የደፋ ሰው ምን ይባላል? «ጠጥቶ ነው የመጣ» አሉ፤ ሰካራም የሚል ስም ወጣለትና በዚያው ቀረ። ማኅበሩንም ገበያውንም ተወና ከቤቱ ሳይወጣ ሞተ።

ይህን ስነግረው ሐኪሙ «የእርስዎም የጓደኛዎም ከመርዙ ሊሆን ይችላል፤ እርግጠኛ መሆን ግን አይቻልም» ነው ያለኝ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ብቀመጥ አልችል፣ ብቆም አልችል። ትናንት በማለዳ ልጄን አስከትዬ ገሳይ ሄድኩ። የመንገዱ ዳር ገብስ ዘርዝሯል፤ ልጄ ብታሳየኝም ልቤ እዚያ አልነበረም።

የዘገየ ሚስት በላይነሽ ከደጅ ተቀበለችን። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳት። «በሽተኛ ነበር እንጂ ሰካራም አልነበረም» አልኳት።

«እኔማ አብሬው አድሬ የለም ወይ፤ ይህ ጠፍቶኝ ነው?» አለችኝ። «የማያውቀው ልጄ ነው። ‹የሰካራም ልጅ› ቢሉት ተናዶ መተማ ገባ። እስቲ ለሱ ይንገሩልኝ።» ደወለችና፣ እጄ ስልኩን አልይዝ ቢለኝ ጆሮዬ ላይ ራሷ ያዘችልኝ።

ለልጁም ያንኑ ደግሜ ነገርኩት።

«አባባ» አለኝ። «እኔም እኮ ሰካራም ብዬዋለሁ። ፊት ለፊቱ።»

«አባትህ ቂም አያውቅም» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ዘገየ ቂም አያውቅም። ግን ያን ቃል ከገዛ ልጁ አፍ ሲሰማ ምን እንደሆነ እኔ ከየት አውቃለሁ? ይሄው ዛሬም ከቤት ደጅ፣ ከደጅ ቤት እላለሁ። ልጄ «አባዬ፣ እባክህ ቁጭ በል» ትለኛለች።