የእትዬ ጠማማ ሸሚዞች

የስፌት ክፍሉ አለቃ ደህና ሸሚዝ ለብሰው አያውቁም። አንዱ እጅጌ ከሌላው ያጥራል፤ ኮሌታው ያኮረፈ ይመስል ፊቱን ያዞራል። ሰፊዎቹ ሁሉ ‹እትዬ› ይሏቸዋል። አዲሷ ልጅ፣ «የልብስ ሰፊ አለቃ እንዲህ ይለብሳል?» ብላ በሆዷ ታዘበቻቸው።

በሳምንቱ እሷም የሸሚዝ ኪስ ዘቅዝቃ ሰፋች። ስታየው መባረሯ ነው ብላ ቦርሳዋን አንስታ ቆመች። እትዬ ግን ሸሚዙን ከእጇ ወስደው ከላይ ደረቡትና በማሽኖቹ መሃል ተንጎራደዱ።

«አማረብኝ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጅቷ ያኔ ገባት፤ ያ ሁሉ ጠማማ ሸሚዝ ለካ ጀማሪ ያበላሸው ኖሯል።

«ቁጭ በይ የኔ ልጅ። እኔን ያስተማሩኝ በጩኸት ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ መቀስ ሲወድቅ እበረግጋለሁ።»

እንባዋን ጠርጋ ቁጭ አለች። ውሎ አድሮ እጇ ተፍታታ። አንድ ቀን እትዬ የሰፋችውን ሸሚዝ ገልብጠው አዩ፤ ስፌቱን በጥፍራቸው ዳሰሱ፤ እንከን ቢፈልጉ አጡ። በረዥሙ ተነፈሱ።

«አይ አንቺ! የምለብሰው አሳጣሽኝ።»