የመሬት ጉርሻ

ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ፣ በእኛ ሰፈር ግቢውን ማስነጠፍ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የአልማዜን በር ነው። «አልማዜ፣ ስንት ጠጠር ይበቃኛል?» ይላታል። እሷ ወዲያው አትመልስም። ሄዳ ግቢውን ታየዋለች። አፈሩን ዘግና ውሃ ጠብ ታደርግበትና በመዳፏ ታሸዋለች። በሜትር ትለካለች፣ በስልኳ ታባዛለች፣ በመጨረሻ በቁጥሩ ላይ ትንሽ ትጨምርበታለች። ይህን ጭማሪ «የመሬት ጉርሻ» ትለዋለች። የተደፋ ጠጠር ሲጠቀጠቅ ይወርዳል፤ ጥቁር አፈርም ከስር ይውጠዋል። «መሬት ሳይጎርስ አይሸከምም» ትላለች።

ወላጆቿ ከከምባታ መጥተው ኮልፌ የከተሙት እሷ ሳትወለድ ነው። ኮብልስቶን ወደ ሰፈሩ የገባ ጊዜ ሠልጥና መጀመሪያ ድንጋይ ጠራቢ፣ ኋላ አንጣፊ ሆነች። የሰፈሩ የውስጥ ለውስጥ መንገድ አብዛኛው በእሷና በጓደኞቿ እጅ የተነጠፈ ነው። ሰው ሁሉ ከዝናብ ሲሸሽ አልማዜ ጃንጥላ ይዛ ትወጣለች፤ ውሃው ባነጠፈችው መንገድ ላይ እንዴት እንደሚወርድ ቆማ ለማየት።

ዘንድሮ ከእድሩ መጋዘን ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ለልጆች የቴኒስ ሜዳ እንዲሆን ተፈቀደ። ልጆቹን የምታሠለጥነው ማራኪ የምትባል ወጣት ናት፤ በሁለት እንጨት መካከል ገመድ ወጥራ፣ የኳሱን ጭቃ በሹራቧ እየጠረገች ስታጫውታቸው ኖራለች። ከላይ ለሚፈሰው ኮንክሪት የሚሆነውን ሲሚንቶና አሸዋ ጦር ኃይሎች አካባቢ የሚነግድ አንድ የሰፈሩ ልጅ ቻለ። ከስር የሚደለደለውን ገረጋንቲ እድሩ ሊሰጥ ተስማማ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ገብረወልድ ግን ቆፍጠን ብለው፣

«እድር ሁለቴ አይጠየቅም» አሉ። «ልኩ ይነገረንና አንዴ እንሰጣለን። ልኩን አልማዜ ትናገር።»

አልማዜ ለካች፣ አባዛች፣ ጉርሻውን ጨመረች። «ስምንት ቢያጆ» አለች። ስምንት ሲኖትራክ መጥቶ ገለበጠ። ክረምት ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ዝናቡ ኮንክሪቱ ሳይፈስ ከደረሰ ከስር ያለው ጥቁር አፈር ያብጥና ድልድሉን ያበላሸዋል፤ ሜዳው ለዘንድሮ ቀረ ማለት ነው።

አልማዜ ሲባጎ ወጥራ መደልደል ጀመረች። በማግስቱ ማራኪ መጣችና ሲባጎውን ጎንበስ ብላ አየችው።

«እትዬ አልማዜ፣ መሃሉ ለምን ከፍ አለ?»

«ውሃው ግራና ቀኝ እንዲወርድ ነዋ!»

ማራኪ ከኪሷ ኳስ አወጣችና የተጠቀጠቀው ላይ፣ መሃል ላይ አስቀመጠችው። ኳሱ ትንሽ ቆየና ወደ ግራ ተንከባለለ። አንስታ ደግማ አስቀመጠችው፤ አሁን ወደ ቀኝ ሄደ።

«የቴኒስ ሜዳ እኮ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ብቻ ነው የሚያዘነብለው» አለች ቀስ ብላ።

አልማዜ ገረጋንቲው ላይ ቁጭ አለች። ዕድሜዋን ያነጠፈችው መንገድ ነው፤ መንገድ ደግሞ መሃሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ይላል። እጇ ሳይጠይቃት የለመደውን ሠርቷል፤ ግምቷም በዚያው ሄዷል። ሜዳው በአንድ ጎን ብቻ እንዲያዘነብል አንዱ ዳር ለመሃሉ ካሰበችው ከፍታ በእጥፍ ከፍ ማለት አለበት። ስልኳን አውጥታ አባዛች። ሁለት ቢያጆ ያህል ይጎድላል።

«መንገድ ሠራሁልሽ፣ ማራኪዬ» አለች።

«ሰው ሳያውቅ ድልድሉን ትንሽ ብናሳሳውስ?»

«መሬቱ ያውቃል።»

እሑድ በእድሩ ስብሰባ አልማዜ ማንም ሳይጠይቃት ተነሣች። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የሜዳ ግምት ተጠይቄ የመንገድ ግምት ሰጥቻችኋለሁ» አለች። እንባዋ መጥቶ ነበር፤ አላፈሰሰችውም።

ጋሽ ገብረወልድ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምነው አልማዜ፣ መሬቱ ከጉርሻ አልፎ ምሳ ጠየቀ እንዴ?»

ሳቅ ሆነ። አልማዜም ሳቀች።

«ጋሼ፣ እድሩን ደግሜ አልጠይቅም። ግን እርስዎ በር ላይ አጥር ካጠሩ ጀምሮ የተቀመጠ ድንጋይ አለ። በየሰው በር የተረፈ ጠጠር፣ የተሰበረ ብሎኬት አለ። ሣር የበቀለበት ሁሉ አለ። እሱን ስጡኝ፤ ከፍ በሚለው ጎን ከስር ይገባል።»

«ሣሩንም ውሰጂው» አሉ ጋሽ ገብረወልድ።

ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ አልማዜ በር ለበር ዞረች፤ የአህያ ጋሪዎች ከኋላዋ። ቁልሉን አንዴ ዞራ ታየውና «ይሄ ሦስት ጋሪ ነው» ትላለች፤ ሲጫን ሦስት ጋሪ ነው። የተቸገረችው ማሙሽ በር ላይ ብቻ ነው። ማሙሽ ጎረቤቷ ነው፤ በሩ ላይ ያለውን ጠጠር ልጆች እንኳ እንዲወጡበት አይፈቅድም።

«ፎቅ ልሠራበት ነው» አላት።

«ማሙሽ ሙት፣ በዚህ ጠጠር የሚሠራው ፎቅ የዶሮ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! እሺ፣ ከተረፈ ግን ይመለስልኝ።»

ከፍ ያለው ጎን ሞላ፣ ተጠቀጠቀ። ሲባጎው ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ሆነ። ማራኪ ኳሷን አስቀመጠች፤ ኳሱ ሄደ፣ ማራኪ መለሰችው፣ ደግሞም በዚያው በኩል ሄደ። ኮንክሪቱ ፈሰሰ። በመጨረሻ ከማሙሽ ጠጠር አንድ ጋሪ ተረፈ። አልማዜ ራሷ ገፍታ ወስዳ በሩ ላይ ገለበጠችለት።

የመጀመሪያው ዝናብ ከሰዓት በኋላ ወረደ። አልማዜ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። ሜዳው ዳር ስትደርስ ማራኪና ጋሽ ገብረወልድ ቀድመዋት ቆመዋል፤ ማሙሽም ከመጋዘኑ ቆርቆሮ ስር ተጠልሎ ያያል። ውሃው ከላይኛው ጎን እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ወረደና ወደ ቦዩ ገባ። ዝናቡ ሲያባራ አልማዜ ሜዳውን በዝግታ ዞረችው። አንዱ ጥግ ላይ መዳፍ የምታክል ውሃ ቀርታ ነበር። ጎንበስ ብላ በእጇ ጠረገቻት።

«እሷን አላሰብኳትም» አለች።