ማሽኑ የማያውቀው ጳጉሜ

በደርግ ዘመን ጎንደር ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። ፋይሎቻችንን በስማቸው ነበር የምናውቃቸው፤ «የጠዳው በሬ ክርክር»፣ «የሳንጃ ሰሊጥ ጆንያ»፣ ሸጋ ሸጋ ስም ነበራቸው። ታዲያ አንድ ሐምሌ አለቃችን አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄዶ ሲመለስ ከቦርሳው አንድ የፈረንጅ ማሽን መዥረጥ አደረገ። መስከረምን አንደኛ ወር አድርገው ከሞሉት፣ እጀታውን ጫን ሲሉት ቀኑንና ወሩን በቁጥር ያትማል፤ ጧት ጧት ጠምዘዝ ካደረጉት ወደሚቀጥለው ቀን ራሱ ይሻገራል። ከእንግዲህ የማንኛውም ፋይል ስም በቀን ይጀምራል፣ ቀኑንም ማሽኑ እንጂ የሰው እጅ አይጽፈውም ተባለ።

አለቃችን ማሽኑን እንደ ስለት ልጅ ይሳሳለት ነበር። ማታ በመሐረብ ጠቅልሎ ይቆልፍበታል።

ነሐሴ ሠላሳ እስኪያልቅ ሰላም ነበርን። በማግስቱ ማሽኑ፣ ፈረንጅ አይደል፣ ሠላሳ አንድን አወጣ። ይሁን፣ ይኸ ጳጉሜ አንድ ነው ብለን ተቀበልነው። በሁለተኛው ቀን ስጠመዝዘው ግን ዘሎ መስከረም አንድ ገባ። አሥራ ሦስተኛ ወር ከየት ያምጣ? አለቃችን ደንግጦ ወደ ኋላ መለሰውና ጳጉሜ እስኪወጣ እዚያው ሠላሳ አንድ ላይ ይቁም ብሎ አዘዘ።

ጉዱ የወጣው በእኔ ነው። እናቴ የምትኖረው አይከል ነው። እኅቴ ስንት ዘመን መካን ስትባል ኖራ በዚያ ክረምት በሰላም ተገላገለች፤ እናቴም ለሩፋኤል ዝክር ደግሳ፣ ካልመጣሽ እናት አለኝ እንዳትይ ብላ ላከችብኝ። ሩፋኤል ነገ ነው። ያለ ፈቃድ ወረቀት ደግሞ የአዘዞን ኬላ ወፍም አታልፍ።

ምነው ጓድ፣ ይችን አንዲት ቀን በእጅዎ ቢጽፉልኝ ብዬ ለመንሁት። መመሪያ መመሪያ ነው አለና ወረቀቴን ሁለቴ ጠቅ ጠቅ አደረገው። ፈቃዴ ከነሐሴ ሠላሳ አንድ እስከ ነሐሴ ሠላሳ አንድ ሆነ። ትናንት ጀምሮ ትናንት ያለቀ ፈቃድ ይዤ ተሳፈርሁ።

የኬላው ጠባቂ ወረቀቱን ገለባብጦ አየው።

«እኅቴ፣ ነሐሴ ሠላሳ አንድ አለው እንዴ?»

የማሽኑን ነገር አንድ በአንድ ነገርሁት፤ እንባዬ መጥቶ ነበር። መዝገቡን ገለጠና እስክሪብቶውን አቁሞ ብዙ አሰበ። የወረቀቱን ቀን ቢጽፍ የሌለ ቀን መዘገብህ ተብሎ ሊጠየቅ ነው፤ እውነተኛውን ቢጽፍ ፈቃዷ ያለቀባትን አሳለፍህ ሊባል ነው። በመጨረሻ መዝገቡን ከደነው።

«በይ ሂጂ። እኔም አላየሁሽ፣ አንቺም አላለፍሽ።»

በማግስቱ የሩፋኤል ዝናብ ጧት ጀመረ። እናቴ ከነቢሮ ልብሴ እየጎተተች ግቢ አወጣችኝ፤ ጠበሉ ነው፣ አትሽሺ እያለች። እኅቴ ሕፃኑን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ትስቃለች። እኔም ውሃ እስክሆን ስቄ፣ እዚያው ዝናብ ውስጥ አለቀስሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ልብሴን ስጨምቅ እናቴ መቼ እንደምመለስ ጠየቀችኝ። እኔም በቢሮዬ ወረቀት ፈቃዴ እንዳለቀ፣ በኬላው መዝገብ ደግሞ ጭራሽ እንዳልመጣሁ ነገርኋት።

«እንግዲያ ያልመጣ ሰው አይመለስም» አለችና ጫማዬን አንሥታ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት።