የአክስቴ ሸክላ እና ሁለቱ ማጫወቻዎች

ቤታችን ውስጥ አንዲት ሸክላ ብቻ ነበረች። የተቀረጸባት የአገራችን የሰርግ ዘፈን ነው፤ ከተቀባዮቹ አንዷ ደግሞ እኔ ሳልወለድ የሞተችው የአባቴ እህት ናት። ዘመድ ሁሉ ድምፅሽ ቁርጥ እሷን ይለኛል። እኔ ግን ሰምቻት አላውቅም፤ ማጫወቻችን ከተበላሸ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

መስቀል ሲደርስ ከአዲስ አበባ የሚገቡ ነጋዴዎች አሮጌ ዕቃ ይዘው ይመጣሉ። ያን ዓመት አባቴ ሸክላዋን በነጠላ ጠቅልሎ ቡታጅራ ገበያ ይዞኝ ወጣ። ሁለት ማጫወቻ ያለው ነጋዴ አገኘን። አንደኛው እንጨቱ ፊት ያሳያል፤ ሌላው አመድማ፣ ጠርዙ የተላላጠ። እኔማ ልቤ ወዲያው የሚያብረቀርቀው ላይ አረፈ።

መብራት ግን ጠፍቷል። ነጋዴው፣ መብራቱ እስኪመጣ ጠብቁ አለን። አባቴ ግን መብራቱ ቢመጣም ሸክላዋን ላልተሞከረ መርፌ አልሰጥም አለ፤ ከተቧጨረች ሌላ የለችማ።

"ሙሽራ አደረጓት እኮ ጋሼ!" አለ ነጋዴው፤ እየሳቀም ለመሞከሪያ የራሱን አሮጌ ሸክላ አወጣ።

መጠበቁ ሲሰለቸኝ የነጋዴውን ሸክላ የሚያብረቀርቀው ላይ አድርጌ፣ መርፌውን አስቀምጬ በጣቴ አዞርኳት። ከመርፌው ሥር ቀጭን ድምፅ ወጣ። ሰው ነው፤ ይዘፍናል! መብራት የለ፣ ድምፅ ማጉያ የለ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ትንፋሼን እንኳ ፈራሁት። ቀና ስል መርፌው ጫፍ ላይ ጥቁር ብናኝ ተጠራቅሟል። ለካ ሸክላዋን እየፋቃት ነበር። አመድማው ላይ ስሞክር ድምፁ ያው፣ መርፌው ግን ንጹሕ።

"አባዬ፣ ይሄኛው አይጎዳትም" አልኩት።

አባቴ መርፌውን ደጋግሞ አየው፤ ከዚያ ነጠላውን ፈትቶ የእኛን ሸክላ አመድማው ላይ አስቀመጣት። ማዞሩን ለእኔም አልተወልኝም። ሁለታችንም አጎነበስን። ፈጠን ሲያደርገው ተቀባዮቹ ሕፃናት ይሆናሉ፤ ሲያዘገይ አሮጊቶች። ጣቱን አንዴ እያፈጠነ አንዴ እያለዘበ ፈለጋት።

"አዎ" አለ ድንገት፣ "እዚህ ላይ ናት።"

ከሌሎቹ ኋላ ትንሽ ዘግይታ የምትገባ ድምፅ ሰማሁ። የራሴን ጉሮሮ በእጄ ያዝኩት።

መብራት መጣ። ነጋዴው ሶኬቱን ሊሰካ ሲነሳ አባቴ በግራ እጁ ቆይ አለው። ቀኝ እጁ እህቱን እያዞረ ነበር።