ከእትዬ የሺ ጋር ወደ ኮንስታንዝ ሐይቅ

ሆፐርስ ክሮሲንግ፣ ሜልቦርን፣ ማክሰኞ ንጋት

ታክሲው የመጣው ገና ሳይነጋ ነው። የሰኔ ብርድ በየደጁ የቆመውን መኪና መስታወት ሁሉ ነጭ አልብሶታል። ሾፌሩ የእትዬ የሺን ሻንጣ ሊያነሳ ሞከረና መልሶ አስቀመጠው።

«ድንጋይ ነው እንዴ የያዙት?» አለኝ።

«ጭኮ ነው በይው» አሉ እትዬ የሺ። ጭኮን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ስላልሆነልኝ ምግብ ነው አልኩት። ሰውየው ሺፍቱ ሊያልቅ የእኛ መንገድ ብቻ ቀርቶት ነበርና ሙግት አላማረውም፤ ሁለታችን ተጋግዘን ጫንነው።

ጋሼ ታደሰ ከፊት ተቀምጠው የጉዞውን ካርታ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። አገር ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ እዚህ ሜልቦርን ከተማ መሃል ጥበቃ ይሠራሉ። የመዘምራናችን መሪም እሳቸው ናቸው። ፍራንክፈርት ያለች የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ለጉባኤ ስትጋብዘን፣ «እስከዚያ ተበርሮ አንድ ከተማ ብቻ አይታይም» ብለው ሮምን ከፊት፣ ፓሪስን ከኋላ የጨመሩት እሳቸው ናቸው።

ያኔ በዕቅዱ ስብሰባ ላይ ሁሉም ለፓሪስ እልል ሲል፣ እትዬ የሺ እጃቸውን አወጡ። እትዬ የሺ ዌሪቢ አትክልት ማሸጊያ ውስጥ ብሮኮሊ ሲያሽጉ የሚውሉ፣ ስልሳን የተሻገሩ ሴት ናቸው። መዝሙር ሲጀመር ከሁላችን ቀድመው ይገባሉ፤ ሲያልቅ ደግሞ ከሁላችን ዘግይተው ይወጣሉ።

«እኔ ከጉባኤው በኋላ ሐይቅ ዳር ማረፍ ነው የምፈልገው» አሉ።

«የትኛው ሐይቅ?»

«ኮንስታንዝ የሚሉት።»

ጋሼ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። «እትዬ የሺ፣ ውሃ ካማረዎት ከዌሪቢ በታች ወዳለው ባሕር እኔ ራሴ እወስድዎታለሁ። እዚያው ዓሣና ድንች ጥብስ እጋብዝዎታለሁ።»

«ባሕሩ ጨው ነው» አሉ እትዬ የሺ። «እኔ ያልኩት ሐይቅ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ብቻዬንም ቢሆን እሄዳለሁ አሉ። ብቻቸውን እንዳይሄዱ እኔ ተመረጥኩ፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛ እችላለሁ። ጀርመን አገር እንግሊዝኛዬ ምን እንደሚያደርግልኝ የጠየቀ የለም። በስልክ አንዲት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ቡክ አደረግሁ። ባለቤቲቱ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ጀርመንኛ ብዙም አይሻልም፤ ክፍሉ ከሐይቁ አጠገብ መሆኑን ግን ተግባባን። እትዬ የሺ አጠገቤ ቆመው፣ «ከድንበሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠይቂልኝ» አሉ። ሐይቅ ለማየት ድንበር ምን ያደርጋል ብዬ ገረመኝ፤ ግን ጠየቅሁላቸው። በእግር የሚደረስ ነው አለች።

ሮም፣ ሐሙስ

ሙቀት። ድንጋይ። ሞተር ብስክሌት። ጋሼ ታደሰ ከአንዱ ፍርስራሽ ወደ ሌላው ይነዱናል። ቡና ቆሞ ሲጠጣ አንድ ዋጋ፣ ተቀምጦ ሲጠጣ ሌላ ዋጋ መሆኑን ካወቁ ወዲህ ማንም እንዲቀመጥ አይፈቅዱም። እትዬ የሺና እኔ አምልጠን አንድ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ተቀመጥን። እዚያ ነው የነገሩኝ።

«ወንድሜ ግርማ ከሐይቁ ማዶ ነው ያለው። ስዊዘርላንድ።»

እናታቸው ስትሞት ግርማ ገና ጡት አልጣለም ነበር። እትዬ የሺ አዝለው አሳደጉት። ወደ ሱዳን ሲሰደዱ መንገዱ ለሕፃን አይሆንም ተብሎ አጎታቸው ዘንድ ተዉት፤ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። አሁን እሱም ተሰዶ ስዊዘርላንድ ጥገኝነት ጠይቋል፤ ጉዳዩ ስላላለቀ ከአገሩ መውጣት አይችልም። የእትዬ የሺም የአውስትራሊያ ዜግነት ገና ነው። በስደተኛ ሰነዳቸው የጣሊያንና የጀርመን ቪዛ አግኝተዋል፤ የስዊዘርላንዱ ግን መልስ ሳያገኝ ጉዞው ደረሰ።

«ኮንስታንዝና እሱ ያለበት ከተማ ተያይዘዋል፤ መሃላቸው የሽቦ አጥር ብቻ ነው ብሎኛል» አሉ። «በአጥሩ እንተያያለን።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«መዘምራን ውስጥ የገባችው ለዚህ ነው እንዳትሉኝ ብዬ ነው።»

«ለዚህ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«ግማሹ» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ፈቃዳቸውን ጠይቄ ለጋሼ ታደሰ ነገርኳቸው። የያዙትን ቡና ሳይጨርሱ አስቀመጡት፤ ቆመው ነበር በርግጥ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ራይን ወንዝ በዚያ ሐይቅ ውስጥ ነው የሚያልፈው» አሉኝ። «አንድ የጂኦግራፊ መምህር ይህን ሳያይ አይመለስም።» ፓሪስ ለመሄድ ስንት ወር ሲለማመዱት የከረሙት ፈረንሳይኛ እዚያው ቀረ።

ከፍራንክፈርት ወደ ኮንስታንዝ፣ ሰኞ

ጉባኤው በሰላም አለቀ። እትዬ የሺ እንደ ልማዳቸው ቀድመው ገብተው ዘግይተው ወጡ፤ የፍራንክፈርት ሰዎች አዲስ ስልት መስሏቸው አጨበጨቡ። ሌሎቹ መዘምራን ወደ ፓሪስ በባቡር ሄዱ። እኛን ሰለሞን የሚባል የዚያው ቤተ ክርስቲያን ወጣት በአሮጌ ኦፔል መኪናው ይዞን ተነሳ።

መንገዱ እንደ ጠረጴዛ ለስላሳ ነው። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ፣ የቼሪ ዛፍ፣ ቀይ ጣሪያ። አንዲት ገበሬ መንገድ ዳር እንጆሪ ትሸጣለች፤ በጥቂት ማርክ አንድ ቅርጫት ገዝተን መኪናው ውስጥ ጨረስነው። መንገድ የሚመሩት ጋሼ ታደሰ ናቸው። ወደ ደቡብ መሄድ ሲገባን ወደ ምሥራቅ ብዙ ከተጓዝን በኋላ ሰለሞን በጨዋ ደንብ፣ «ጋሼ፣ ካርታውን ልየው?» አላቸው።

«ካርታው ትክክል ነው» አሉ ጋሼ ታደሰ። «መንገዱን ነው የቀየሩት።»

ከኮረብታ ላይ ሐይቁ ብቅ አለ። ሰፊ ነው፤ ነጫጭ ጀልባ፣ ከማዶ በረዶ ያልለቀቀው ተራራ። እትዬ የሺ አንዴ አዩትና፣ «አጥሩ በየት በኩል ነው?» አሉ።

ማረፊያችን ሻንጣ ጥለን፣ የጭኮውን ቆርቆሮ ብቻ ይዘን በእግር ሄድን። ከሐይቁ ዳር ሣር ያለበት ሜዳ አለ፤ በመሃሉ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ያለ የሽቦ አጥር ያልፋል። ወዲህ ጀርመን፣ ወዲያ ስዊዘርላንድ። ሣሩ አንድ ዓይነት ነው።

ከማዶ አንድ ራሰ በራ፣ ደልደል ያለ ሰው ቆሟል። እትዬ የሺ በእሱ ትከሻ ላይ አሻግረው ሌላ ሰው ይፈልጋሉ።

«እታለም» አለ ሰውየው።

እትዬ የሺ ሽቦውን ያዙ። አሻቅበው አዩትና፣ «ፀጉርህን ማን ወሰደው?» አሉት።

«ብርዱ ነው እታለም።»

«ብርድ ከሆነማ ይበልጥ ያስፈልግህ ነበር።»

ከዚያ ሁለቱም በሽቦው ቀዳዳ ጣት ለጣት ተያይዘው ቆሙ። እኔና ሰለሞን ጀልባ የምናይ መሰልን።

ጋሼ ታደሰና እኔ በአውስትራሊያ ፓስፖርታችን ማለፍ ስለምንችል፣ የጭኮውን ቆርቆሮ ይዘን በኬላው በኩል ዞርን። ጠባቂው ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። ጋሼ ታደሰ ቆንጥረው አቀመሱት። ረጅም ጊዜ አኘከና አንድ ነገር አለ። ጀርመንኛ የሚችለው ሰለሞን ከአጥሩ ወዲያ ስለቀረ፣ እኔ ከሁኔታው ተረዳሁት፤ ውሃ ፈልጎ ነው።

ግርማ ዘንድ ስንደርስ እትዬ የሺ ከአጥሩ ማዶ፣ «ጋሼ ታደሰ፣ በእኔ ፈንታ ሳሙልኝ» አሉ።

ጋሼ ታደሰ ሰው ለመሳም የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ግን ግርማን አቅፈው ግራና ቀኝ፣ ደግመውም ግራና ቀኝ ሳሙት።

«አልበቃም» አሉ እትዬ የሺ። እንደገና ሳሙት።

ኮንስታንዝ፣ ማክሰኞ ጠዋት

የመጨረሻው ጠዋት ነው፤ ቀትር ላይ ወደ ፍራንክፈርት እንመለሳለን። እህትና ወንድም አጥሩን ይዘው፣ እሳቸው ወዲህ እሱ ወዲያ፣ እያወጉ ይሄዳሉ። አጎታቸው እንዴት እንደሞተ፣ ቤቱን ማን እንደያዘው፣ ግርማ በልጅነቱ ስንት ጊዜ ከዛፍ እንደወደቀ። እኛ ከኋላ እንከተላለን።

መጨረሻ ላይ ሜዳው አለቀና ጠጠሩ መጣ። አጥሩ ግን እዚያ አልቆመም፤ ወደ ሐይቁ ትንሽ ገብቶ ነው የሚያበቃው። ከመጨረሻው ምሰሶ በኋላ ያለው ውሃ ብቻ ነው። እትዬ የሺ ምሰሶውን አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ጫማቸውን አወለቁ።

«እትዬ የሺ» አሉ ጋሼ ታደሰ በመምህር ድምፅ።

አልሰሙም። ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው ገቡ። ግርማም ከነሱሪው ገባ። ውሃው ጉልበታቸው ላይ ሲደርስ ምሰሶው ጋ ተገናኙ። ቀሚሱን የያዘው እጅ ቀሚሱን ለቀቀ። አዝለው ያሳደጉት ልጅ አሁን ከእሳቸው ይረዝም ነበርና፣ አንገቱን ጎንበስ አድርጎ ፊቱን ትከሻቸው ላይ አሳረፈ።

ከስዊሱ ወገን አንድ ጠባቂ በዳርቻው እየተራመደ መጣ። ሰውየው ቆመ፤ ሁለቱን አየ፤ ምሰሶውን አየ። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጀርባውን ሰጠንና ተራራውን ማየት ጀመረ።

ጋሼ ታደሰ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ውሃው ጫፍ ላይ ደርሰው ነበር። ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ ነገሩን ወደ ጨዋታ ሊያዞሩት ሞከሩ።

«ለመሆኑ እትዬ የሺ፣ አሁን የት አገር ነው ያሉት?»

እትዬ የሺ ዞር አላሉም። «ወንድሜ ጋ ነኝ» አሉ።